የደም ድምፅና የሳንሱር መቀስ

መንግሥት የሕዝቡን ዐይን ሊጠብቅ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ጥበቃው ከየት ተነሥቶ የት ላይ ሊቆም ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በአባቶቻችን ዘመን የሚነሣው ስለ መጽሐፍና ስለ ተውኔት ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በጣታቸው ሰው ስለሚገድሉባቸው ጨዋታዎችም ይነሣል፤ የሚጠይቁትም ወላጆች፣ መምህራንና ካህናት ብቻ ሳይሆኑ በየአገሩ ያሉ ሕግ አውጪዎችና ዳኞች ጭምር ናቸው። ነገሩን ላይ ላዩን ላየው የጨዋታ ጉዳይ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ለገባበት ግን ስለ ሰው ደም ክቡርነት፣ ስለ ታሪክና ስለ ዝክር፣ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ስለ ሰጠው ነጻ ፈቃድም የሚጠይቅ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ «ይከልከል» ወይም «ይለቀቅ» በሚል አጭር ቃል ሊታለፍ አይገባውም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር ሲያልፍ፣ በየከተማው የገበያ ዳርና በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባሉትን ጠባብ ክፍሎች ማየት የተለመደ ነው። በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ በውስጡ በረዥም አግዳሚ ወንበር ላይ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ጆይስቲክ ይዘው ሲጫወቱ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ይመክራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ተረኛው ሒሳቡን ከፍሎ ይቀመጣል። አብዛኛውን ሰዓት የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው፤ በዚህ ማንም ሊቈጣ አይገባውም። ኳሱ ሲሰለች ግን ጂቲኤ የሚባለው ይከፈታል፤ በስልክም ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚባሉት የተኩስ ጨዋታዎች አሉ። በጂቲኤ ተጫዋቹ መኪና ይነጥቃል፣ መንገደኛ ይገድላል፣ ከፖሊስ ጋር ይታኰሳል፤ ራሱም ቢሞት ወዲያው ከሆስፒታል በር ላይ ቆሞ እንደ ገና ይጀምራል። አምራቾቹ ጨዋታው ለአዋቂ ብቻ መሆኑን የሚያስታውቅ ቁጥር ሽፋኑ ላይ አትመዋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን ዕድሜ የሚጠየቅበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ልጆቹ የሚያድጉበት አገር የጥይት ድምፅ ከማሽን ብቻ የሚሰማበት አገር አለመሆኑ ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ ገጠሮች በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል በተነሣው ውጊያ ስንቱ ቤት ሐዘን ገብቶበታል፣ ስንቱስ ገበሬ ማሳውን ጥሎ ወደ ከተማ ተሰድዷል፤ በአግዳሚው ወንበር ላይ ከተደረደሩት ልጆች መካከልም ወንድሙን ወይም አጎቱን የቀበረ አይጠፋም። ይህ ልጅ ቀን በቤቱ ያየው ሞትና ማታ በቴሌቪዥኑ የሚያየው ሞት አንድ ስም አላቸው፤ ነገር ግን የቤቱ ሞት ለቅሶ፣ ድንኳን፣ ሰልስትና አርባ አለው፤ የቴሌቪዥኑ ሞት ምንም የለውም። ሁለቱን ለይቶ የሚያስረዳው ሰው ከአጠገቡ ካላገኘ፣ ልቡ በየትኛው ሊማር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የዚህ አገር ሕዝብ ስለ ደም ያለው ትምህርት ጥልቅ ነው። ሕግ አውጪው መኮ ቢሊ በኦዳ ቢሲል ሥርዐትን እንደ ደነገገላቸው በሚተርኩት በሜጫ ኦሮሞዎች ዘንድ ጉማ የሚባል የደም ዕርቅ አለ። ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ በመንግሥት ፍርድ ቤት ቢቋጭ እንኳ በሽማግሌዎች ፊት ጉማው ሳይፈጸም አለቀ አይባልም፤ እስከዚያ ድረስ የገዳይና የሟች ወገኖች በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ በገበያና በመንገድ ሲተያዩም ይሸሻሻሉ፤ ሽማግሌዎች ተመላልሰው ለምነው፣ ካሳው ተቈርጦ፣ በደሉ በአደባባይ ተነግሮ፣ ሁለቱ ወገኖች በመሐላ ሲታረቁ ብቻ የተዘጋው መንገድ ይከፈታል። በአማራው አገርም ደም ማድረቅ የሚባለው ሥርዐት በዚሁ መንፈስ የቆመ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ተፈጸመው ግድያ ሲተርክ፣ ቃየን ወንድሙን በሜዳ ገድሎ ዝም ባለ ጊዜ የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ይናገራል። የጉማ ሥርዐትና የኦሪት ቃል የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የፈሰሰ ደም ድምፅ አለው፤ ድምፁም ሰሚና መልስ እስኪያገኝ ድረስ ለገዳይም ለሟች ወገንም ዕረፍት የለም። እንግዲህ ጨዋታውንም ሳንሱሩንም መመዘን የሚገባን በዚህ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ውጊያን ስለ መሰለ ብቻ ክፉ ነው ብሎ መፍረድ የራሳችንን ባህል መኰነን ይሆናል። አባቶቻችን ሠንጠረዥ ሲጫወቱ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባል ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በልደት ቀን የሚጫወቱት የገና ጨዋታ ጥርስ የሚሰበርበት፣ ሎሌ ጌታውን በበትር ቢያገኘው የማይከሰስበት ነው። የፈረስ ጉግስ ደግሞ እውነተኛ የጦር ሜዳ ምስል ነው፤ ሁለት ወገን ፈረሰኞች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ ከአንደኛው ወገን አንዱ ወጥቶ ሲሸሽ ከሌላው ወገን አንዱ ይከተለዋል፤ አባራሪው በግልቢያ ላይ እንዳለ ሸመሉን ይወረውራል፣ ሸሺውም በኮርቻው ላይ ዞሮ በቆዳ ጋሻው ይመክታል፤ የሳተው ይሣቅበታል፣ የመከተው እልል ይባልለታል። ነገር ግን በሜዳው ዳር ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከልክ ያለፈውን ይገሥጻሉ፣ የወደቀውን ያነሣሉ፤ የፈረሱ ላብና የቈሰለው ጎረምሳ ሕመም በዐይን ይታያል፤ ጨዋታው ሲያልቅም ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። በጉግስ ውስጥ ምት አለ፤ ከምቱ ጋር ግን መቺውን የሚያውቀው፣ ተመቺውን የሚያዝንለት ማኅበር አለ።

እንዲሁም ደምን ለልጅ ማሳየት በራሱ ኃጢአት ነው ብንል፣ አስቀድመን የምንከስሳት ቤተ ክርስቲያንን ይሆናል። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ መቅደስ ሲገባ በግድግዳው ላይ የሚያየው የሰማዕታትን መከራ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በንጉሡ በዱድያኖስ እጅ ሲገረፍ፣ ሲፈጭ፣ ሲቃጠልና ሞቶ ሲነሣ በሥዕልም በገድልም ይማራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኃይለኛ ጨዋታዎች ለልጆች እንዳይሸጡ የካሊፎርኒያ ግዛት ያወጣችውን ሕግ በ7 ለ2 ድምፅ ሲሽር፣ የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ያቀረቡት አንዱ ምክንያት ይህን የሚመስል ነበር፤ የልጆች ተረት ከጥንት ጀምሮ በደም የተሞላ መሆኑን፣ ሆሜርና ዳንቴም ከዚህ ነጻ አለመሆናቸውን አስታውሰው፣ ጨዋታው ልጅን ዐመፀኛ ያደርጋል ተብለው የቀረቡት ጥናቶችም ምክንያትነቱን እንዳላረጋገጡ ፈርደዋል። ዳኛው ደሙን በትክክል ቈጥረዋል፤ ስለ ደሙ ድምፅ ግን አልጠየቁም። በገድሉ ውስጥ የሰማዕቱ ሥቃይ ስም፣ ምክንያትና ፍርድ አለው፤ ሞቶ ሲነሣም የሚነሣው እንደ ገና ሊመሰክርና እንደ ገና ሊሠቃይ ነው። በጨዋታው ውስጥ የሞተው ሲነሣ የሚነሣው እንደ ገና ሊገድል ነው፤ የገደለውም መንገደኛ ስም የለውም፣ የሚያለቅስለት እናት የለውም፣ ገዳዩም ማዕድ አይከለከልም። ልጁን የሚጎዳው ደም ማየቱ ሳይሆን ድምፅ የሌለው ደም ማየቱ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ፈተና ጋር ፊት ለፊት ተጋፍጣለች፤ በሮም መንግሥት ብዙ ከተሞች ሰው ሰውን ሲገድል ማየት የሕዝብ መዝናኛ ነበርና። በግዕዝ ተተርጕሞ እስከ ዛሬ በእጃችን ባለው በሲኖዶስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ለጥምቀት የሚመጡ ሰዎች ሥራቸው ምን እንደ ሆነ እንዲጠየቁ ተደንግጓል፤ በመድረኩ ላይ የሚጋደለው፣ መጋደልን የሚያስተምረውና ከአራዊት ጋር የሚታገለው ሥራቸውን ካልተዉ ከተጠማቂዎች ጋር እንዳይቆጠሩ ተወስኗል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሥርዐት የተጻፈው ቤተ ክርስቲያን በነገሥታቱ ዘንድ ኃይል ባልነበራት ዘመን መሆኑ ነው፤ መድረኩን ዝጋልኝ ብላ ወደ ቄሣር ደጅ አልሄደችም፤ ልጆቿን ምረጡ አለቻቸው። ቅዱስ አውግስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይተርካል፤ ባልንጀሮቹ ወደ መድረኩ በግድ በወሰዱት ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ ላለማየት ወሰነ፤ ጆሮውን ግን መዝጋት አልቻለምና ከሕዝቡ ጩኸት የተነሣ ዐይኑን በከፈተ ጊዜ፣ ከወደቀው ታጋይ ይልቅ የእርሱ ነፍስ ወደቀች፤ ሌሎችን ይዞ ተመላሽ ሆነ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዐይንን መክደን ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ያልተዘጋጀ ልብ የተከደነውን ዐይን ራሱ ይከፍተዋል። መድረኩ በመጨረሻ የተዘጋውም፣ ቴዎዶሬጦስ የታሪክ ጸሐፊው እንደሚለው፣ ተሌማኮስ የተባለ መነኵሴ ከምሥራቅ መጥቶ በታጋዮቹ መካከል ገብቶ ሊገላግል ሲል ተመልካቹ በድንጋይ ወግሮ ስለ ገደለውና ንጉሡ ሆኖርዮስ ይህን ሰምቶ ትርኢቱን ስለ ከለከለ ነው። ሕጉ ከምስክርነቱ በኋላ መጣ እንጂ አልቀደመውም።

በዘመናችን መንግሥታት ጨዋታን ሲከለክሉ ያደረጉትን ስንመረምር፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ልጁን ሳይሆን ስለ ታሪክ ያላቸውን ፍርሃት ሆኖ እናገኘዋለን። ጀርመን የናዚ ምልክቶች በአደባባይ እንዳይታዩ በወንጀል ሕጓ ስለ ከለከለች፣ ናዚዎችን የሚዋጋ ሰው የሚተረክበት ዎልፈንስታይን 3ዲ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዲወረስ በፍርድ ቤት ታዟል። ከተከታዮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ለጀርመን ገበያ በተዘጋጀው ቅጂ የሂትለር ስም ተለውጦ፣ ጢሙም ሳይቀር ተላጭቶ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ተፍቀው ነበር፤ ይህም በብዙ ጀርመናውያን ዘንድ ነቀፋን አስነሣ፤ ወንጀሉን ለማስታወስ የቆመው ሕግ ወንጀለኛውን ስም አልባ አድርጎታልና። በሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ ዕድሜ መዳቢው ተቋም ደንቡን ለውጦ እያንዳንዱን ጨዋታ በይዘቱ መመዘን ጀመረ። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሃርትስ ኦፍ አይረን የተባለውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨዋታ ታሪክ ያጣምማል ብላ አገደች፤ ማንቹሪያ፣ ቲቤትና ሺንጂያንግ ለየራሳቸው የቆሙ አገሮች ሆነው፣ ታይዋንም የጃፓን ግዛት ሆና ታይታለች ተብሎ ነበር፤ ታይዋን ግን በዚያ ዘመን በጃፓን እጅ እንደ ነበረች የታሪክ እውነት ነው። የጀርመን ፍርሃት ከንስሐ የመነጨ ነው፣ የቻይናው ከትዕቢት፤ ሁለቱም ግን በመቀስ መጠቀማቸው ታሪኩን ከተጫዋቹ ፊት ሰወረው።

እኛም በመቀስ ልማድ የታወቅን ነን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ፤ በደርግ ዘመን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔቶቻቸው በየዘመኑ ከሳንሱር ጋር ሲጋጩና ሲታገዱ ኖረዋል። እኒህ ሰው የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የፋሺስት ወታደሮች አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ አደባባይ ረሸኑ። ጸጋዬ ካደጉ በኋላ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት ጽፈው የዚያን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት በመድረክ ላይ አቆሙት፤ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሱም የነገሥታትን ደም ማፍሰስ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች አሳይተዋል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ያለው ግድያ በጨዋታ ቤት ከሚታየው ያነሰ አይደለም፤ ነገር ግን ከቲያትር ቤቱ የወጣ ሰው ደሙ ሲጮኽ ሰምቶ ይወጣል። ሳንሱር ይህን ሊለይ አይችልም፤ መቀሱ የሚያውቀው ደሙን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም አብዝቶ የሚፈራው ድምፅ ያለውን ደም ነው።

በአምቦ ይህ ነገር የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። የአምቦ ልጅ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ስለ አገሪቱ ታሪክ በቴሌቪዥን የተናገረው ቃል ብዙ ሰው ደግፎት፣ ብዙ ሰውም ተቈጥቶበት ነበር፤ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ፤ በ25ኛው ቀንም በትውልድ ከተማው ተቀበረ። ከግድያው በኋላ በተነሣው ሁከት ብዙ ንጹሓን አልቀዋል፤ መንግሥትም ኢንተርኔትን በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ዘጋ። መንግሥት ይህን ያደረገው ጥላቻ እንዳይዛመት ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው ፍርሃቱን እረዳለታለሁ፤ ነገር ግን የተዘጋው በር ጥላቻ ዘሪውንና ሐዘንተኛውን፣ ሐሰተኛውንና እውነት መርማሪውን ለይቶ አያውቅም። በሩ ሲከፈት ክርክሩ ከተዘጋበት ቦታ ቀጠለ፤ የአንዱ ወገን ጀግና የሌላው ወገን በዳይ ሆኖ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሙታን ብቻ እየቈጠረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላል የአገራችን ሰው፤ የተወጋውን አፉን ይዞ ማቆየት ይቻል ይሆናል፣ ማስረሳት ግን አይቻልም። ጉማም የሚፈጸመው በደሉ በአደባባይ ሲነገር ነው፤ ንግግሩን የከለከለ ዕርቁንም ከለከለ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ይዘው፣ ያለፈውን ደም ማንሣት ቁስልን መቀስቀስ ነው የሚሉ ሽማግሌዎችና የመንግሥት ሰዎች አሉ፤ አሳባቸው ከበጎ ልብ የሚመነጭ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። በእርግጥ ለቍጣ፣ ለሐሜትና ለስድብ ዝምታ አይነቅዝም። ለደም ግን ይነቅዛል። ቃየን የተጠየቀው ወንድምህ ወዴት ነው ተብሎ ነበር፤ የእርሱም ጥፋት በመግደሉ ላይ አላውቅም ብሎ መመለሱ ነው። አላውቅም ብሎ ያደገ ትውልድ፣ ጠመንጃ በጨዋታም ሆነ በእውነት ሲሰጠው፣ ከጥይቱ ወዲያ ማን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ደምን ርካሽ የሚያደርገው ጨዋታና ደምን የሚደብቀው ሳንሱር፣ ተቃዋሚዎች መስለው ቢታዩም፣ በአንድ ሥራ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የደሙን ድምፅ ያጠፋሉ።

ፈተናው እንዴት እንደ ሆነ በግልጽ የሚታየው የእኛው መከራ ራሱ ጨዋታ በሆነበት ጊዜ ነው። ቻይና ያገደችው የሃርትስ ኦፍ አይረን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2022 ባይ ብለድ አሎን የተባለ ጭማሪ አውጥቶ የጣሊያንንና የኢትዮጵያን ጦርነት ሰፊ ክፍል ሰጥቶታል። ተጫዋቹ ከፈለገ በኢትዮጵያ ወገን ቆሞ አገሩን ያድናል፤ ከፈለገም በሙሶሊኒ ወንበር ተቀምጦ ኢትዮጵያን ይወርራል። በሠሌዳው ላይ የሚታየው ካርታ ነው፤ ክፍለ ጦሮች ይንቀሳቀሳሉ፣ ግዛቶች ቀለም ይለውጣሉ፣ የሞተው ወታደር በቍጥር ይመዘገባል። በሰናፍጭ ጋዝ ቆዳው የተላጠው ገበሬ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቃጠለው ቤት፣ በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑት መነኰሳት በካርታው ላይ ቦታ የላቸውም። አንድ የአምቦ ወጣት ይህን ጨዋታ ከፍቶ በጣሊያን ወገን ቢጫወት ምን እንበለው? ጨዋታውን ብናግድበት፣ አያቱ በጅባትና ሜጫ ወይም በወሊሶ በኩል ከእነ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጋር ለምን እንደ ተዋጋ ከቀድሞው የበለጠ አያውቅም። ያንን ታሪክ አስቀድሞ ከሰማ ግን፣ ካርታው ቀለም በለወጠ ቍጥር ከቀለሙ ሥር ያለውን ሕዝብ ያያል፤ ምናልባትም ጨዋታውን ይተወዋል፣ ምናልባትም በኢትዮጵያ ወገን ይጀምረዋል፣ ምናልባትም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ የራሱን ጨዋታ ሠርቶ የአርበኞቹን ድምፅ ያሰማበታል። ከሦስቱ የመረጠውን በነጻ ፈቃዱ መርጧልና ምርጫው ምግባር ይባላል፤ ተገድዶ የተወው ቢሆን ኖሮ ምግባር ባልተባለ ነበር።

እንግዲህ የመንግሥት ድርሻ የት ላይ ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውንም የቅድሚያ ምርመራ ከልክሎ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ግን ሕግ ገደብ ሊያበጅ እንደሚችል ፈቅዷል፤ በዚህ ቃል ውስጥ የምሻው ልዩነት ተቀምጧል። ልጅ ፈቃዱ ገና ያልጸና ስለ ሆነ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ለአዋቂ የተሠራ ጨዋታ ለሕፃን እንዳይከፈት ማዘዝ፣ የጨዋታ ቤት ባለቤትን በዕድሜ ቍጥሩ ተጠያቂ ማድረግ፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስገባ መከልከል ትክክለኛ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ከነኳሱ ማሸግ ግን ሥራ ያጣውን ጎረምሳ ወደ ባሰ ቦታ መግፋት ይሆናል። ከዚህ አልፎ መንግሥት ለአዋቂው ሕዝብ የትኛው ታሪክ እንዲታይ፣ የትኛው ደም እንዲታወስ ልወስን ቢል፣ ከአባትነት ወደ ቃየን መልስ ተሻግሯል። ታሪክ ጠባቂው ብዙ ምስክር ነው፤ አንዱ ምስክር ቢሳሳት በሌላው ይታረማል፤ ዝም የተባለ ምስክር ግን በማንም አይታረምም።

የቀረው ሥራ የእኛ ነው፤ ከመንግሥትም ሥራ ይከብዳል። ካህን ንስሐ ልጁን ስለ ጾምና ስለ ስግደት ሲጠይቅ ስለሚጫወተውም ይጠይቀው፤ ሊገሥጸው ሳይሆን በጨዋታው የገደለው ሰው የእግዚአብሔር አርአያ ያለው ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማው እንደ ነበር አብሮት ሊያስብ። አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች የጉማ ሥርዐት ሲፈጸም ወጣቶች ቆመው እንዲሰሙ ያድርጉ፤ ደም ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ከዚያ የበለጠ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። የታሪክ መምህር የአንዱን ወገን ሙታን ሲቈጥር የሌላውንም ይቍጠር። አባትም እናትም መጋረጃውን ገልጠው ይግቡ፤ በአግዳሚው ወንበር ላይ ከልጃቸው ጎን ይቀመጡ፤ ይህ ማን ነው፣ ለምን ሞተ፣ ማን ያለቅስለታል ብለው ይጠይቁ። በጉግስ ሜዳ ዳር ቆመው የነበሩት ሽማግሌዎች ቦታቸው ባዶ የቀረው ሜዳው ስለ ተለወጠ አይደለም፤ እኛ ተከትለን ስላልገባን ነው፤ ያንን ቦታ ሊሞላ የሚችል ዐዋጅም ሆነ መቀስ የለምና ራሳችን እንሙላው።